ለቤት ደረጃ የሚሆን ጽኑ ዕንጨት ስለ መምረጥ

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ማንበብ ለሚያውቁ ሽማግሌዎች የተሰናዳ ትምህርት

መግቢያ

በቤት ውስጥ ካሉት የዕንጨት ሥራዎች ሁሉ እንደ ደረጃ ያለ የሰው ሕይወት የሚታመንበት የለም። በር ቢጣመም ይጮኻል፤ መስኮት ቢበሰብስ ብርድ ያስገባል፤ ሳጥን ቢሰነጠቅ ዕቃው ይፈሳል። ደረጃ ግን በተሰበረ ጊዜ ሰውን ይዞ ይወድቃል። የሚወጣበትም ሰው ብዙ ጊዜ እጁ ባዶ አይደለም፤ እናት ሕፃን ታዝላለች፤ ልጅ ውኃ ይሸከማል፤ ሽማግሌ በምርኩዙ ይደገፋል።

ዱሮ በመንደር ቤት ደረጃ ያለው ጥቂት ሰው ነበረ፤ ወደ ቆጥ የሚወጣው በመሰላል ነበር። ዛሬ ግን ደርብ ያለው ቤት በየመንደሩ እየበዛ ስለ ሆነ፤ የደረጃን ዕንጨት መርጦ ማወቅ ለአናጢ ብቻ የሚተው ነገር አይደለም። የጥንት ሰዎችም ይህን ነገር አልናቁትም። በመጽሐፈ ዜና መዋዕል ካልዕ በምዕራፍ 9 እንደ ተጻፈው፤ ንጉሥ ሰሎሞን ከሩቅ አገር በመርከብ ከመጣለት የከበረ ዕንጨት ለቤተ መቅደሱና ለቤተ መንግሥቱ ደረጃ አሠርቷል።

ለትምህርት የሚሆን ምሳሌ

ሁለት ወንድማማች በአንድ ግቢ ደርብ ያላቸው ሁለት ቤቶች ሠሩ። ታላቅየው ከገበያ ወፍራምና ለስላሳ የሆነ የዝግባ ሳንቃ በብዙ ዋጋ ገዛ። አናጢው፦ «ዕንጨቱ ገና እርጥብ ነው፤ ይቈይ» ቢለው፤ «የልጄ ሰርግ ደርሷል» ብሎ በዚያው ሳምንት አስገጠመው፤ የደረጃውንም እግር አፈር ውስጥ አስቀበረው፤ በላዩም ያማረ ቀለም አስቀባው።

ታናሽየው ገንዘብ ስላነሰው ከአያቱ ፈራሽ ቤት የተረፈውን አሮጌ የጥድ ወጋግራ አስጠርቦ የደረጃው ተሸካሚ አደረገው። መርገጫውንም በገዛ ግቢው ከበቀለው ከሸመገለ ባሕር ዛፍ አሰንጥቆ ከአንድ ዓመት በላይ በጥላ አደረቀው። እስከዚያውም በመሰላል ይወጣ ስለ ነበረ ጎረቤቶቹ ሳቁበት።

ሦስት ክረምት ካለፈ በኋላ የታላቅየው ደረጃ ከላይ ሲያዩት ደኅና ነበረ፤ ቀለሙም አልለቀቀም። ውስጡን ግን ምስጥ በልቶት ነበርና አንድ ቀን እናታቸው እህል ተሸክመው ሲወርዱ ተሸካሚው ከእግራቸው በታች ከዳቸው። የዳሌያቸው አጥንት ተሰበረ፤ ከዚያም ወዲህ ያለ ምርኩዝ አልሄዱም። የታናሽየው ደረጃ ግን አንድ መርገጫው ተጣሞ በሁለተኛው ዓመት ከመለወጡ በቀር እስከ ዛሬ ቆሟል። ታላቅየው ያነሰው ገንዘብ አይደለም፤ ያነሰው ዕውቀትና ትዕግሥት ነው።

አንደኛ ክፍል፤ ስለ ዕንጨት ባሕርይ

ብዙ ሰው «ጠንካራ ዕንጨት» ሲል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ይጠራል። እነዚህን ሦስቱን መለየት የዚህ ትምህርት መሠረት ነው።

የመጀመሪያው ሸክም መቻል ነው፤ ይኸውም ዕንጨቱ ክብደት ሲጫንበት ሳይጐብጥና ሳይሰበር መቅረቱ ነው። ሁለተኛው ጥንካሬ ነው፤ ይኸውም ላዩ በእግር ሲረገጥና በጫማ ሲፋቅ ቶሎ አለመጐድጐዱ ነው። ሦስተኛው ዕድሜ ነው፤ ይኸውም ምስጥን፣ ነቀዝንና ብስባሴን ተቋቁሞ ብዙ ዘመን መኖሩ ነው።

እነዚህ ሦስቱ ሁልጊዜ አብረው አይገኙም። ባሕር ዛፍ ከጥድ ይልቅ ይከብዳል፤ ሸክምም ይችላል፤ ነገር ግን ሁለቱ በአንድነት በእርጥብ አፈር ቢተከሉ ባሕር ዛፉ አስቀድሞ ይጠፋል። ጥድ የሚቆየው ከክብደቱ የተነሣ አይደለም፤ በውስጡ ያለው ሽታ ያለው ቅባት ምስጥንና ሻጋታን ስለሚያርቅ ነው። ስለዚህ ዕንጨትን በእጅ አንሥቶ በክብደቱ ብቻ የሚመርጥ ሰው ይሳሳታል።

ደግሞም በአንዱ ግንድ ውስጥ ሁለት ዓይነት ዕንጨት አለ። ወደ ቅርፊቱ ያለው ነጣ ያለው ክፍል ዛፉ በሕይወት ሳለ ውኃ የሚመላለስበት ነው፤ በውስጡም ምግብ ስላለ ነቀዝ ይወደዋል። ወደ መካከል ያለው ጠቈር ወይም ቀላ ያለው ክፍል የዛፉ ልብ ይባላል። ዕድሜ ያለው ይህ ልቡ ብቻ ነው። የጥድም የወይራም ቢሆን ነጩ ክፍል ዕድሜ የለውም። «የጥድ ዕንጨት ገዝቼ ነቀዘብኝ» የሚል ሰው ቢገኝ፤ ብዙ ጊዜ የገዛው ከወጣት ዛፍ የተቈረጠ፣ ልብ ያላበጀ ዕንጨት ነው።

ብስባሴ የሚመጣው ከውኃ ነው። በደረቅ ዕንጨት ክብደት ልክ ሲታሰብ በውስጡ ያለው ውኃ ከመቶ 20 በታች ከሆነ ዕንጨት አይበሰብስም። ለዚህም ምስክር የሚሆኑ ጥንታውያን ሕንፃዎች በአገራችን አሉ። በትግራይ በደብረ ዳሞ ያለው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው ድንጋይና ዕንጨት እየተነባበረ የተሠራ ሲሆን ብዙ መቶ ዓመታት አልፎታል። በላስታ ያለው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ በድንጋይና በዕንጨት ንብርብር የተሠራ ነው፤ በሰፊ ዋሻ ውስጥ ስለ ሆነ ዝናብ አይወርድበትም። ከዚህ የምንማረው ዕንጨት መልካም ሆኖ ከተመረጠና ከዝናብ ከተጠበቀ ከሠሪዎቹ የልጅ ልጆች ዕድሜ በላይ እንደሚኖር ነው።

ሁለተኛ ክፍል፤ ስለ ዛፎቹ በየስማቸው

ጥድ። ልቡ ቀላ ያለ፣ ሽታው መልካም፣ ዕድሜውም ረዥም ነው። ስለዚህም ከጥንት ጀምሮ ለምሰሶና ለአጥር ይመረጣል። ነውሩ በቀላሉ መሰንጠቁ ነው፤ በድንገት ብርቱ ነገር ሲወድቅበትም ይሰበራል። ስለዚህ ምስማር ከመምታት አስቀድሞ በመሰርሰሪያ መብሳት ያስፈልጋል፤ መርገጫ የሚሆነውም ሳንቃ ወፈር ያለና ትልልቅ ጕጥ የሌለበት ሊሆን ይገባል።

ወይራ። ከአገራችን ዕንጨቶች ሁሉ እጅግ ከጠነከሩት አንዱ ነው። አንዱ ሜትር ኩብ ደረቅ ዝግባ 500 ኪሎ ያህል ሲመዝን፤ የወይራው ወደ 1000 ኪሎ ይጠጋል። ይሁን እንጂ ግንዱ ብዙ ጊዜ ጠማማ ስለ ሆነ ረዥም ሳንቃ አይወጣውም፤ ሲደርቅም ይሰነጠቃል፤ የአናጢውንም መጋዝ ያደክማል። ስለዚህ ሁሉን ደረጃ ከወይራ ለመሥራት መድከም አይገባም። ለመርገጫ ከንፈር፣ ለማያያዣ ችካል፣ ለእጅ መደገፊያና ለታችኛው እርከን ግን እርሱን የሚወዳደር የለም።

ዋንዛ። ለመላጊያና ለመሮ የሚመች፣ መልኩ ያማረ፣ ሲደርቅ ብዙ የማይጣመም ነው። ለበር፣ ለመስኮት፣ ለወንበርና ለሳጥን የሚመረጠውም ስለዚህ ነው። ልቡ ምስጥን በመጠኑ ይቋቋማል። ነገር ግን ለስላሳ ስለ ሆነ ብዙ ሰው በሚመላለስበት ደረጃ ላይ መካከሉ ቶሎ ይጐደጕዳል። ቤተ ሰቡ ጥቂት ከሆነና ከንፈሩ በወይራ ከታሰረ ለመርገጫ ይሆናል።

ዝግባ። ቀጥ ያለ፣ ጕጡ ጥቂት፣ ለመሰንጠቅና ለመላግ የቀለለ ነው፤ ገበያም ላይ ዐይንን ይማርካል። ነገር ግን እርጥበት ሲነካው ቶሎ ይበላሻል፤ ነቀዝና ምስጥም ይወዱታል። በደረጃ ውስጥ ተገቢው ስፍራ እግር የማይረግጠው፣ በመርገጫና በመርገጫ መካከል ቆሞ የሚዘጋው ሳንቃ ነው። ምሳሌ የሆነን ሰው የተሳሳተው ዝግባን በመግዛቱ አይደለም፤ ዝግባን እርጥቡን ሳለ አፈር ውስጥ በመቅበሩ ነው።

ኮሶ። ቀይ መልኩ ያማረ ነው፤ ለቤት ዕቃና ለወለልም አገልግሏል። ነገር ግን ነቀዝን አይችልም። ከደረቅ ቤት ውስጥ በቀር ለደረጃ አይታመንም።

ባሕር ዛፍ። ይህ ዛፍ ከአውስትራልያ የመጣ ሲሆን ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ዛሬ በደጋው መንደር ሁሉ የሚገኝ፣ ድኻውም ሀብታሙም በግቢው የሚተክለው እርሱ ስለ ሆነ ነገሩን ማወቅ ከሁሉ ይልቅ ይጠቅማል። ሸክም ይችላል፤ በእግርም ቶሎ አያልቅም። ነውሩ ሁለት ነው። አንደኛ፤ ግንዱ በውስጡ ተወጥሮ ስለሚያድግ ሲሰነጠቅና ሲደርቅ ይጣመማል፤ ይተረተራልም። ሁለተኛ፤ አፈር ከነካ ምስጥ ይበላዋል። የአምስትና የስድስት ዓመት ቀጭን ባሕር ዛፍ ለማገር እንጂ ለደረጃ አይሆንም። ወፍራምና ብዙ ዓመት የቆየ ግንድ ተመርጦ፤ መካከለኛው መቅኑ ከሳንቃው ወጥቶ ተጥሎ፤ በጥላ በዝግታ ከደረቀ ግን መልካም መርገጫ ይወጣዋል።

ከፈረሰ ቤት የተገኘ ዕንጨት። ይህን ብዙ ሰው ለማገዶ ያደርገዋል፤ ታላቅ ጥፋት ነው። ሠላሳና አርባ ዓመት በጣራ ሥር የቆየ የጥድ ወጋግራ ደርቆ አልቋል፤ የሚጣመመውን ያህልም ተጣሟል። በቢላዋ ጫፍ ተወግቶ የማይገባበት፤ በመዶሻ ሲመታ እንደ ከበሮ የማይጮኽ፤ ቀጥ ያለ የጠራ ድምፅ የሚሰጥ ከሆነ፤ ከአዲስ ዕንጨት ይልቅ ይመረጣል። ከመጋዙ በፊት ግን አሮጌ ምስማሮቹ ሁሉ ይነቀሉ።

ሦስተኛ ክፍል፤ እያንዳንዱን ዕንጨት በስፍራው ስለ ማዋል

ደረጃ አራት ዋና ክፍሎች አሉት። እነርሱም በጎንና በጎን ያሉት ሁለቱ ተሸካሚዎች፣ የሚረገጡት ሳንቃዎች፣ በመካከላቸው ያለው መዝጊያና የእጅ መደገፊያው ናቸው።

ተሸካሚው ከሁሉ ይልቅ ሸክም መቻልና ዕድሜ ያስፈልገዋል፤ ለእርሱ የጥድ ልብ የመጀመሪያ ነው፤ ቀጥሎም በደንብ የደረቀ፣ አፈር የማይነካው ባሕር ዛፍ ነው። ርዝመቱ እስከ 3 ሜትር ለሆነ የቤት ደረጃ ውፍረቱ 5 ሳንቲሜትር፣ ስፋቱ 25 ሳንቲሜትር ያህል ይሁን። አናጢው ለመርገጫው ማስቀመጫ ሲቈርጠው፤ ከቈረጣው በታች ሳይነካ የሚቀረው ስፋት ከ10 ሳንቲሜትር እንዳያንስ መጠንቀቅ ይገባል።

መርገጫው ጥንካሬ ያስፈልገዋል። ከጎን እስከ ጎን 90 ሳንቲሜትር ለሆነ መርገጫ 4 ሳንቲሜትር ውፍረት ይበቃል። የእርምጃውን ልክ በሚመለከት፤ በ17ኛው መቶ ዓመት የነበረ ፍራንሷ ብሎንዴል የተባለ ፈረንሳዊ የሕንፃ መምህር የሰጠው ደንብ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። የአንዱ እርከን ከፍታ ሁለት ጊዜ ተቈጥሮ የመርገጫው ጥልቀት ሲደመርበት ከአንድ የሰው እርምጃ ጋር መስማማት አለበት፤ ይኸውም ዛሬ ከ60 እስከ 65 ሳንቲሜትር ይታሰባል። ስለዚህ ከፍታው 17፣ ጥልቀቱ 28 ቢሆን፤ 17 እና 17 እና 28 ሲደመሩ 62 ይሆናል፤ ልኩ ደኅና ነው። ከፍታው ከእርከን እርከን እንዳይለያይ ይጠንቀቁ፤ ሰው በጨለማ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ልኩ በተለየው እርከን ላይ ነው።

አራተኛ ክፍል፤ በገበያ ስለ መምረጥና ስለ ማድረቅ

ሳንቃ የሚገዛ ሰው እነዚህን ነገሮች ይመልከት።

1. ጫፉን አይቶ ልቡ ስንት እጅ እንደ ሆነ፣ ነጩ ስንት እጅ እንደ ሆነ ይለይ። ለተሸካሚ ነጭ ያለበትን አይውሰድ።

2. ጅማቱ ከሳንቃው ርዝመት ጋር ትይዩ መሆኑን ያረጋግጥ። ጥቃቅኑ ስንጥቅ የጅማቱን መንገድ ያሳያል። ስንጥቁ እያዘነበለ ከሳንቃው ጎን የሚወጣ ከሆነ ያ ሳንቃ በእግር ሥር ይሰበራል።

3. ከመርገጫው ወርድ ሲሶውን የሚይዝ ጕጥ፣ ይልቁንም በዳር ያለ ጕጥ፣ ያለበትን ይተው።

4. ጥቃቅን ቀዳዳና የደቀቀ ዱቄት ካየ ነቀዝ አለበትና ወደ ቤቱ አያስገባው።

5. ቀለም የተቀባውን ሳንቃ ሳይፍቅ አይግዛ።

ስለ ማድረቅ። ዕንጨት ሲደርቅ በወርዱ ይቀንሳል፤ በርዝመቱ ግን የሚቀንሰው እጅግ ጥቂት ነው። እርጥቡን የተገጠመ ደረጃ ኋላ የሚላላውና የሚጮኸው ስለዚህ ነው። ለማድረቅ ሳንቃዎቹን ከመሬት 40 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ፣ ከጣራ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኛቸው ስፍራ መደርደር ነው። በያንዳንዱ ሳንቃ መካከል ውፍረታቸው አንድ የሆነ እንጨቶች ይግቡ፤ እነርሱም ከላይ እስከ ታች በአንድ መሥመር ይቁሙ። ጫፎቹ እንዳይሰነጠቁ ሰም ወይም ቀለም ይቀቡ፤ ከላይም ከባድ ድንጋይ ይጫንባቸው። ፀሓይ ላይ ማስጣት፣ ይልቁንም ባሕር ዛፍን፣ ማበላሸት ነው። በብዙ አገር ያሉ አናጢዎች ለያንዳንዱ 2.5 ሳንቲሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይቈጥራሉ። ከዚህም የተሻለው ማረጋገጫ ሚዛን ነው፤ አንዱ ሳንቃ በየወሩ ተመዝኖ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ያን ጊዜ ደርቋል።

አምስተኛ ክፍል፤ ስለ አገጣጠምና ስለ ጥበቃ

የደረጃው እግር አፈር አይንካ። ከወለሉ 15 ሳንቲሜትር ከፍ ባለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቀመጥ፤ በድንጋዩና በዕንጨቱም መካከል ቁራጭ ቆርቆሮ ይግባ። ምስጥ ብርሃን ስለሚሸሽ ወደ ዕንጨቱ የሚወጣው የጭቃ መንገድ እየሠራ ነው። ስለዚህ ከደረጃው ሥር ማገዶና ጆንያ አይከመር፤ የቤቱ ባለቤት በየወሩ በመብራት አጐንብሶ ይይ፤ የጭቃውን መንገድ ካገኘ ፍቆ ያጥፋው፤ የመጣበትንም ይፈልግ። እንደ ምዕራብ ወለጋ ምስጥ በሚበዛበት አገር ይህ ጥበቃ ከዕንጨቱ ምርጫ አያንስም።

ለቅብ የተልባ ዘይት መልካም ነው። በስስ ይቀባ፤ የተረፈውም በጨርቅ ይጠረግ፤ አለዚያ ያንሸራትታል። ዘይቱን የጠጣው ጨርቅ ተጠቅልሎ ቢቀመጥ በገዛ እጁ ሊነድ ይችላልና ከቤት ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ። የተቃጠለ የመኪና ዘይት ግን ቆዳን ስለሚጐዳ በቤት ውስጥ ደረጃ ላይ አይቀባ።

ስድስተኛ ክፍል፤ ስለ ሕጉና ስለ መትከል

ጥድ፣ ዝግባ፣ ዋንዛና ኮሶ በየመንደሩ እንደ ልብ የሚቈረጡበት ዘመን አልፏል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ በመንግሥትና በክልል ደን ያሉትን እነዚህን አራቱን ዛፎች በስማቸው ጠርቶ ጠብቋቸዋል፤ ከዚያም በኋላ ሕጉ ታድሷል። ስለዚህ ማንም ሰው ከመቍረጡ በፊት በወረዳው የደንን ሥራ የሚጠብቀውን ክፍል ጠይቆ ፈቃድ ሊይዝ ይገባዋል። ሳንቃ የሚገዛም ከየት እንደ መጣ ይጠይቅ፤ በስርቆት የመጣ ዕንጨት ርካሽ ቢመስልም መንደሩን ምንጭና ጥላ ያሳጣዋል።

ሽማግሌዎችም ይህን ቢያስቡ መልካም ነው፤ ዛሬ ለመርገጫ የሚፈለገው ጥድ የተተከለው ወይም ሳይቈረጥ የተተወው በአያቶች ዘመን ነው። የዛሬው ሰው በባሕር ዛፍና በአሮጌ ወጋግራ እየተጠቀመ ጥድና ወይራን በየድንበሩና በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ቢተክል፤ የልጅ ልጆቹ ደረጃ በጽኑ ዕንጨት ይቆማል።

በትምህርት ቤት የሚደረግ ፈተና

አንደኛ። መምህሩ ከአናጢ ቤት የተረፈ የጥድ ልብ፣ የጥድ ነጭ፣ የወይራ፣ የዝግባና የባሕር ዛፍ ቍራጭ ያሰብስብ። ሁሉም 3 በ3 ሳንቲሜትር ስፋት፣ 40 ሳንቲሜትር ርዝመት ይኑራቸው። ተማሪዎቹ ስማቸውን ጽፈው ምስጥ ባለበት ስፍራ ግማሻቸውን በአፈር ይትከሏቸው። በየሦስት ወሩ እየነቀሉ ያዩትን በደብተር ይጻፉ። ከአንድ ዓመት በኋላ መዝገቡ በመንደሩ ጉባኤ ፊት ይነበብ።

ሁለተኛ። ከአዲስ ከተሰነጠቀ እርጥብ ሳንቃ ላይ በወርዱና በርዝመቱ 20 ሳንቲሜትር ተለክቶ ምልክት ይደረግ። ከስድስት ወር በኋላ ተማሪዎቹ ደግመው ይለኩት፤ በየትኛው በኩል እንደ ቀነሰም ይናገሩ።

ጥያቄዎች

1. ሸክም በመቻል፣ በጥንካሬና በዕድሜ መካከል ያለው ልዩነት ምንድር ነው?

2. የጥድ ዕንጨት ሁሉ ምስጥን ይቋቋማልን? ምክንያቱን አስረዳ።

3. የታላቅየው ወንድም ደረጃ ቀለሙ ሳይለቅ ለምን ወደቀ?

4. ከፍታው 18 ሳንቲሜትር ለሆነ እርከን የመርገጫው ጥልቀት ስንት ቢሆን ይስማማል?

5. በመንደርህ ካሉት ዛፎች ለተሸካሚ የሚሆነው የትኛው ነው? ለመርገጫስ?

ምክር

ደረጃ የሚያሠራ ሰው በልቡ አንድ ነገር ያስብ። እርሱ ራሱ ጐልማሳ ሳለ በዘለለበት እርከን ላይ፤ ኋላ በሽምግልናው ጊዜ ተደግፎ የሚወርድበት እርሱ ነው። ያን ቀን የሚያገኘው ዛሬ የመረጠውን ዕንጨት ነውና፤ ቸኵሎ አይግዛ፤ እርጥቡን አያስገጥም፤ የደረጃውንም እግር ከአፈር ያርቅ።